ፉጂኩራ ዋን ክሊክ የፋይበር ማጽጃ፦ በ400 ጊጋ መስመሮች ላይ ያለው ጥቅምና ገደብ

የምገመግመው ዕቃ መጠኑ ከወፍራም ብዕር እምብዛም የማይበልጥ፣ ባትሪም ሆነ ፈሳሽ የማይጠይቅ፣ ፉጂኩራ የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ዋን ክሊክ» በሚል ስም ለገበያ የሚያቀርበው የፋይበር ኮኔክተር ማጽጃ ነው፤ ኮኔክተር የሚባለው መረጃን በብርሃን የሚያስተላልፉት ቀጭን የመስታወት ክሮች (ፋይበሮች) የሚገናኙበት መሰኪያ ነው። ተመሳሳይ አሠራር ያላቸው ማጽጃዎች በሌሎች አምራቾችም ይሸጣሉ፤ ስለ አሠራሩ ከምለው አብዛኛው ለእነርሱም ይሆናል። ዕቃው አዲስ አይደለም፤ የፋይበር ባለሙያዎች ለዓመታት ሲገለገሉበት ቆይተዋል። አሁን በዝርዝር ልመለከተው የወደድሁት የሚያጸዳው መስመር በጣም ስለ ተለወጠ ነው። በ10 ጊጋ (በሰከንድ 10 ቢሊዮን ቢት) ዘመን መስመሩ ችሎ ያሳልፈው የነበረው አቧራ ዛሬ በ100 እና በ400 ጊጋ መስመሮች ላይ ሲግናሉ በራሱ ነጸብራቅ እንዲረበሽ ያደርጋል፤ ይህን ረብሻ ደግሞ የብርሃኑን ኃይል በመጨመርም ሆነ ብርሃኑን የሚልከውንና የሚቀበለውን ውድ ሞጁል በመቀየር ማስወገድ አይቻልም። በእኔ አመለካከት ማጽጃው ከነገደቦቹ ጭምር ከፍተኛ ፍጥነት ያለው መስመር የሚያስተዳድር ማንኛውም ክፍል የኮኔክተሩን ጫፍ አጉልቶ ከሚያሳይ የፍተሻ ካሜራ ጋር አስቀድሞ ሊገዛው የሚገባ ዕቃ ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት በመጀመሪያ አቧራው በመስመሩ ላይ ምን እንደሚያደርግ ማየት ያስፈልጋል።

ሁለት ኮኔክተሮች በአዳፕተር (ከሁለት ወገን በሚሰኩበት ማገጣጠሚያ) ውስጥ ሲገናኙ የፋይበሮቹ ጫፎች ያለ ምንም ክፍተት መነካካት አለባቸው። የጫፎቹ ጎበጥ ተደርገው መለስለስም ሆነ በኮኔክተሩ ውስጥ ያለው ስፕሪንግ የሚፈጥረው ግፊት የታሰቡት ለዚሁ ነው። በመካከላቸው አንዲት የአቧራ ቅንጣት ከገባች ግን ጫፎቹ ይራራቃሉ፣ በክፍተቱ አየር ይገባል፣ ብርሃኑም ከመስታወት ወደ አየር በሚሻገርበት ገጽ ላይ 3.5 በመቶ ያህሉ ወደ መጣበት ይመለሳል። ሲንግል ሞድ በሚባለው የፋይበር ዓይነት ውስጥ ብርሃኑ የሚጓዝበት ኮር (መሃለኛው ክፍል) ስፋቱ 9 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር 9 ሺህኛ) ገደማ በመሆኑ፣ በዓይን የማትታይ ቅንጣት እንኳ ይህን ለማድረግ ከበቂ በላይ ናት።

ወደ ኋላ የተመለሰው ብርሃን በመንገዱ ላይ ሌላ የቆሸሸ ኮኔክተር ካገኘ እንደገና ይንጸባረቅና ወደ ተቀባዩ አቅጣጫ ይዞራል። ያን ጊዜ ተቀባዩ ዘንድ በቀጥታ የመጣው ሲግናልና ሁለት ጊዜ ተንጸባርቆ የዘገየው ቅጂው አብረው ይደርሳሉ። ሁለቱም ከአንድ ሌዘር የወጡ ስለ ሆኑ ሞገዶቻቸው አንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዴ ይጠፋፋሉ፤ የሌዘሩ ፌዝ (ሞገዱ በከፍታና በዝቅታው መካከል ያለበት ቦታ) ያለ ማቋረጥ ስለሚዋልል ደግሞ መደጋገፉና መጠፋፋቱ ሥርዓት የሌለው መዋዠቅ ይሆናል። ባለሙያዎች የብዙ መንገድ መጠላለፍ የሚሉት ይህን ነው።

ብዙ ሰዎች ይህን ጉዳት አሳንሰው የሚያዩት ኃይሉን ብቻ ስለሚያሰሉ ይመስለኛል። ሁለት ጊዜ የተንጸባረቀው ብርሃን ኃይሉ ከዋናው ከ1,000 አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከአንድ ምንጭ የወጡ ሞገዶች ሲገናኙ የሚደመረው የሞገዳቸው ከፍታ እንጂ ኃይላቸው አይደለም። በዚህ ምክንያት በክፉው አጋጣሚ፣ ማለትም የሁለቱ ብርሃኖች ፖላራይዜሽን (ሞገዱ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ) ሲገጣጠም፣ በሁለት እንዲህ ባሉ ገጾች መካከል የሚፈጠረው መዋዠቅ ከሲግናሉ ኃይል 7 በመቶ ወደ ላይና 7 በመቶ ወደ ታች ሊደርስ ይችላል። የእያንዳንዱ ኮኔክተር ነጸብራቅ ከሲግናሉ 26 ዴሲቤል (የኃይል ንጽጽር መለኪያ ነው) ዝቅ ካለ መዋዠቁ ወደ ግማሽ በመቶ ይወርዳል፤ 45 ዴሲቤል ዝቅ ካለ ደግሞ ከቁጥር የማይገባ ይሆናል። በአንድ መስመር ላይ የሚያንጸባርቁት ቦታዎች ሲበዙ እርስ በርስ የሚጣመሩባቸው መንገዶች ከራሳቸው ቁጥር በፈጠነ ሁኔታ ይበዛሉ፤ አራት ቦታዎች ስድስት ጥንድ፣ ስድስት ቦታዎች ደግሞ 15 ጥንድ ይሠራሉ። የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር የሆነው አይትሪፕልኢ እ.ኤ.አ. በ2017 ባጸደቀው የ400 ጊጋ ደረጃ ውስጥ በመስመሩ ላይ ያሉት ኮኔክተሮች በበዙ ቁጥር ለእያንዳንዳቸው የሚፈቀደው ነጸብራቅ እያነሰ የሚሄደው በዚሁ ምክንያት ነው። በሁለት ፓች ፓነሎች (የፋይበር ኬብሎች በሚገናኙባቸው ሰሌዳዎች) በኩል የሚያልፍ መስመር የሚያቅድ ሰው ይህን ገደብ የያዘውን ሠንጠረዥ ሳያይ ዕቃ ባያዝዝ እመርጣለሁ።

ይህ ሁሉ በቀድሞዎቹ መስመሮች ላይም የነበረ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው የሲግናሉ አጻጻፍ ነው። የ10 ጊጋ ሲግናል ሁለት ደረጃ ብቻ ስለ ነበረው በደረጃዎቹ መካከል ሰፊ ቦታ ነበር። ዲአር4 (በትይዩ ፋይበሮች የሚልከው) እና ኤፍአር4 (አራት የሞገድ ርዝመቶችን በአንድ ፋይበር የሚልከው) የተባሉት የ400 ጊጋ ሞጁሎች የሚሠሩበት ፓም 4 የተባለው አጻጻፍ ግን በአንድ ምት ሁለት ቢት ለማስተላለፍ አራት የብርሃን ደረጃዎችን ይጠቀማል። ሙሉው ከፍታ ለሦስት ስለሚከፈል፣ ተቀባዩ አንዱን ደረጃ ከጎረቤቱ ለመለየት ያለው መፈናፈኛ የሙሉው ከፍታ ስድስተኛ እጅ፣ ማለትም 17 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከዚህ ላይ 7 በመቶው በነጸብራቅ ከተወሰደ ለተቀባዩ የራሱ ጫጫታ፣ ለሌዘሩ ጫጫታና ለሌላው ጉድለት ሁሉ የሚቀረው 10 በመቶ ነው። ጉዳቱ ይበልጥ የሚበረታው ከፍተኛውን ብርሃን በሚሸከመው ደረጃ ላይ ነው፤ መዋዠቁ የሲግናሉ ድርሻ በመሆኑ ብርሃኑ በደመቀበት እርሱም ይደምቃል።

ኃይል መጨመር የማይጠቅመውም ስለዚህ ነው፤ ሲግናሉ ሲጠነክር ነጸብራቁም በዚያው ልክ ይጠነክራል። በተቀባዩ ውስጥ ያለው የሲግናል ማስተካከያ ቺፕም አያድንም። በሁለቱ ጫፎቹ ላይ የቆሸሸ የ5 ሜትር ፓች ኮርድ (አጭር የማገናኛ ፋይበር ኬብል) ብንወስድ፣ ሁለት ጊዜ የተንጸባረቀው ብርሃን ከዋናው 10 ሜትር ተጨማሪ መንገድ ስለሚሄድ 50 ናኖ ሰከንድ ያህል ይዘገያል። በ400 ጊጋ ዲአር4 ላይ የአንድ ምት ዕድሜ 19 ፒኮ ሰከንድ (የናኖ ሰከንድ 19 ሺህኛ) ገደማ ነው፤ ቅጂው ከ2,500 ምት በላይ ዘግይቶ ይደርሳል ማለት ነው። ማስተካከያው የሚመለከተው አጠገብ ለአጠገብ ያሉትን ጥቂት ምቶች ስለ ሆነ ይህን ያህል ርቆ የመጣውን ቅጂ ሊያውቀውም ሊቀንሰውም አይችልም። የብርሃን ኃይል መለኪያውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ደህና ነው ብሎ ያልፋል፤ በኮኔክተሩ የሚባክነው ኃይል ትንሽ ሆኖ ነጸብራቁ ግን ከፍተኛ ሊሆን ይችላልና።

ችግሩ ለረጅም ጊዜ ተደብቆ እንዲቆይ የሚያደርገው ሌላው ነገር ስህተት አራሚው ኮድ ነው። በእነዚህ መስመሮች ላይ የሚሠራው የሪድ ሶሎሞን ኮድ ባለ 544 ምልክት ጥቅል ውስጥ እስከ 15 የተሳሳቱ ምልክቶችን ያርማል፤ ከእርማት በፊት ከ10,000 ቢት ከሁለት በጥቂቱ የሚበልጡ ቢሳሳቱ እንኳ መረጃው ሳይጓደል ይደርሳል። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ሆኖም መስመሩ በሚሰካበት የኔትወርክ መሣሪያ፣ በስዊቹ፣ ላይ አረንጓዴ መብራት ያየ ሰው መስመሩ በገደሉ አፋፍ ላይ እየሄደ መሆኑን አያውቅም። ነጸብራቁ የሚያመጣው መዋዠቅ ከሙቀት ጋር ስለሚለዋወጥ የስህተቱ መጠን ጠዋት ዝቅ፣ ከሰዓት ከፍ ሊል ይችላል፤ አንድ ቀን ከኮዱ አቅም ያልፍና ጥቅሎች መጥፋት ይጀምራሉ። ማጽጃው ሠርቶ እንደ ሆነ የሚታወቀውም በዚሁ ቁጥር ነው። ስለዚህ ከጽዳት በፊትና በኋላ ከእርማት በፊት ያለውን የስህተት መጠን ከስዊቹ ላይ አንብቦ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ያለዚህ መዝገብ ስለ ማንኛውም ማጽጃ የሚነገር ምስጋናም ሆነ ነቀፋ መሠረት አይኖረውም።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ዋን ክሊክ በውስጡ የተጠቀለለ እጅግ ቀጭን የማይክሮ ፋይበር ክር አለው። ጫፉን ወደ አዳፕተሩ ቀዳዳ አስገብተው ገላውን ወደ ፊት ሲገፉት፣ የግፊቱ ኃይል በውስጡ ያሉትን ጥርሶች ያንቀሳቅስና ክሩ በፋይበሩ ጫፍ ላይ እየተሽከረከረ ይጠርጋል፤ በዚያው ቅጽበት የተጠቀመበትን ክር ወደ ውስጥ ስቦ አዲስ ያወጣል። ሥራው ማለቁን የሚያስታውቀው ቀጭ የሚል ድምፅ ነው። እያንዳንዱ ግፊት በንጹሕ ክር ስለሚከናወን፣ ከአንዱ ኮኔክተር ያነሳው ቆሻሻ ወደ ሌላው አይተላለፍም። በጨርቅ የሚያጸዳ ሰው በጥንቃቄ ካልሠራ ይህን ስህተት በቀላሉ ይፈጽማል። አንድ ማጽጃ ከ500 ጊዜ በላይ እንደሚያጸዳ ይነገርለታል፤ ክሩ ሲያልቅ ዕቃው ይጣላል።

ለእኔ ዋነኛው ብልጫው ፓነሉን ሳይፈቱ በአዳፕተሩ ውስጥ ያለውን ጫፍ ማጽዳት መቻሉ ነው። ጥቅጥቅ ባለ ፓች ፓነል ጀርባ ያለውን ኮኔክተር ነቅሎ በጨርቅ ለማጽዳት መሞከር የአጠገቡን መስመሮች መነቅነቅ ነው፤ ይህን የሚሠራ ሰው አንዱን ሲያስተካክል ሌላውን ሊያቋርጥ ይችላል። በዚህ ብዕር መሳይ ማጽጃ ግን ከፊት ያለውን ፓች ኮርድ ብቻ ነቅሎ ቀዳዳው ውስጥ አስገብቶ መግፋት ይበቃል። ለተነቀለው ፓች ኮርድ ጫፍ ደግሞ ከማጽጃው ጋር የሚመጣው መሪ ክዳን ይገጠምለትና በዚያ በኩል ይጸዳል። መጠኑን ሲመርጡ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ 1.25 ሚሊ ሜትር ፌሩል (የፋይበሩን ጫፍ የሚይዘው ክፍል) ላላቸው፣ ኤልሲ ለሚባሉት ኮኔክተሮች የተሠራው ኤስሲ ለሚባለው ሌላ ዓይነት አይሆንም፣ የኤስሲው 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። ጫፉ ቀጥ ብሎ ለለሰለሰው ዩፒሲም ሆነ ስምንት ዲግሪ ዘምሞ ለተቆረጠው ኤፒሲ ያው ዕቃ ይሠራል፤ ለኤፒሲ ግን አንዳንዴ ደጋግሞ መግፋት እንደሚያስፈልግ አይቻለሁ።

በምሠራበት የመረጃ ማዕከል ውስጥ ከእርማት በፊት ያለው የስህተት መጠኑ ከጎረቤቶቹ መስመሮች በግልጽ የሚበልጥ የ400 ጊጋ ኤፍአር4 መስመር ነበር። ሞጁሎቹ ከሌሎች ጋር ተለዋወጡ፤ ስህተቱ ከመስመሩ ጋር ቀረ። የኃይል መለኪያው ምንም ጉድለት አላሳየም። በፍተሻ ካሜራው ሲታይ በሁለቱም ፓነሎች ላይ ያሉት ጫፎች በደረቅ አቧራ የተነጠቡ ነበሩ። እያንዳንዱ ጫፍ በብዕሩ ከተጠረገ በኋላ ምስሉ ጠራ፤ የስህተቱ መጠንም ወደ ጎረቤቶቹ ደረጃ ወረደ፤ ከዚያም በሙቀት መለዋወጥ ምክንያት ከፍ ዝቅ ይል የነበረው ተረጋጋ። በዚህ ውጤት በጣም ተደስቻለሁ፤ በጥቂት ደቂቃ ሥራና በርካሽ ዕቃ የተገኘ መሻሻል አዲስ ሞጁል ሊያመጣው ያልቻለው ነበርና።

ይሁን እንጂ ማጽጃው የማይችለውን በግልጽ መናገር ተገቢ ነው። የሚሠራው በደረቅ ነው፤ ስለዚህ ደረቅ አቧራን በደንብ ያነሳል፣ የእጅ ቅባትን፣ የደረቀ አልኮልን ቅሪት ወይም ከፕላስቲክ ክዳን የሚወጣን ዘይት ግን ብዙ ጊዜ ከማንሳት ይልቅ በጫፉ ላይ ያሰራጨዋል። በካሜራው ላይ እንደ ጉም የተዘረጋ ንጣፍ ወይም የውኃ ጠብታ ቅርጽ ያለው ጠርዝ ከታየ ብዕሩን ደጋግሞ መግፋት ክር ማባከን ነው። ለዚህ የሚበጀው ብናኝ በማይተው ጨርቅ ጠርዝ ላይ እጅግ ጥቂት ከፍተኛ ንጽሕና ያለው አይሶፕሮፒል አልኮል ወይም ለፋይበር የተዘጋጀ ፈሳሽ አድርጎ ጫፉን ከእርጥቡ ወደ ደረቁ በአንድ አቅጣጫ መጎተት፣ ከዚያም በብዕሩ መጨረስ ነው። አልኮሉ ከበዛ በፌሩሉ ዙሪያ ተደብቆ ቆይቶ ኋላ ወደ መሃል ይወጣል። እርጥቡ ጽዳት ሌላም ጥቅም አለው፤ ደረቅ ክር በሚያሻበት ጊዜ ሊፈጠር የሚችለውንና አቧራ የሚስበውን የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያስወግዳል።

ከዚህ የከፋው ጭረትና ስብራት ነው። አቧራ ያለባቸው ሁለት ጫፎች ሳይጸዱ ሲገናኙ የስፕሪንጉ ግፊት ቅንጣቱን ወደ መስታወቱ ይጫነዋል፤ የሚቀረው ጉድጓድ በምንም ማጽጃ አይወጣም። ያን ጊዜ ፓች ኮርዱን መቀየር እንጂ መግፋት ዋጋ የለውም። በሞጁሎች ቀዳዳ ላይም ጥንቃቄ ያሻል። በብዙ ሞጁሎች የላኪው ወገን ውስጥ እንደ ኮኔክተር ጫፍ ያለ ፌሩል ስላለ በብዕሩ ሊጸዳ ይችላል፤ በተቀባዩ ወገን ግን በአንዳንዶቹ ያለው ሌንስ ነው፤ በእርሱ ላይ ክር መጫን የሞጁሉ አምራች ካልፈቀደ በስተቀር አይደረግም። ደግሞም ከማጽዳት በፊት ላኪውን ማጥፋት ግዴታ ነው፤ በ1310 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለው ብርሃን ለዓይን አይታይምና አለመታየቱ ደህንነትን አያመለክትም።

የፍተሻ ካሜራውን ደጋግሜ የማነሳው ማጽጃው ያለ እርሱ ግማሽ ዕቃ ስለ ሆነ ነው። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን (አይኢሲ) ያወጣው የኮኔክተር ጫፍ ፍተሻ ደረጃ ጫፉን ከመሃል ወደ ውጭ በክልሎች ከፍሎ ለእያንዳንዱ ክልል የሚፈቀደውን ጉድለት ይወስናል፤ ጥብቅ የሆነውም በኮሩና በዙሪያው ባለው ክልል ላይ ነው። ካሜራዎቹ ከሶፍትዌራቸው ጋር ይህን ደረጃ ተከትለው «አልፏል» ወይም «ወድቋል» ይላሉ። በዓይን በቀጥታ የሚታይበትን የቆየ ማይክሮስኮፕ ለማንም አልመክርም፤ መስመሩ ብርሃን የሚያልፍበት ሆኖ ከተገኘ ብርሃኑ አጉልቶ ወደ ዓይን ይገባል። ምስሉን በስክሪን የሚያሳየው ዋጋው ከጥቂት መቶ ዶላር ጀምሮ እስከ ብዙ ሺህ ይደርሳል፤ ለአነስተኛ ክፍል ርካሹ በቂ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያለ ካሜራ ማጽዳት ግን የወጣውን ሳያውቁ መጥረግ ነው። ሥርዓቱም ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ይታያል፣ ከቆሸሸ ይጸዳል፣ እንደገና ይታያል፣ ንጹሕ ሲሆን ብቻ ይገናኛል። ንጹሑን ጫፍ ያለ ምክንያት ማሸት አያስፈልግም። ሁለቱም ወገኖች መታየት አለባቸው፤ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ከጸዳ ሲገናኙ ቆሻሻው ይጋራል። ከፋብሪካ በከረጢት ታሽጎ የመጣ አዲስ ፓች ኮርድም ቢሆን ከዚህ ሥርዓት አይወጣም፤ ክዳኑ ጫፉን ከመመታት ይጠብቀዋል እንጂ ንጹሕ አያደርገውም።

ለዲአር4 መስመሮች የሚያገለግለው ኤምፒኦ ኮኔክተር ለብቻው መነሳት ይገባዋል። በአንድ ፌሩል ላይ 12 ፋይበሮች ተደርድረው ስለሚገኙ አንዲት ቅንጣት ሁለት ፋይበሮችን በአንድ ጊዜ ልታራርቅ ትችላለች፤ በጠፍጣፋው ፌሩል ላይ ያለ ቆሻሻም ፋይበሮቹ ላይ ባይሆን እንኳ ሁሉንም ከመነካካት ሊከለክል ይችላል። ለዚህ የተሠራው ዋን ክሊክ ሰፊ የጨርቅ ጥብጣብ በፋይበሮቹ ረድፍ ላይ ይጎትታል። ረድፉን በደንብ ያጸዳል፤ በመሪ ፒኖቹ ሥርና በቀዳዳዎቻቸው ዙሪያ የሚከማቸውን ግን በሚገባ አይደርስበትም፣ ያ ቆሻሻ ደግሞ ኮኔክተሩ በገባና በወጣ ቁጥር ወደ ረድፉ ይዛወራል። እንደ ኤልሲው ያህል ልረካበት ያልቻልሁት በዚህ ነው፤ ለኤምፒኦ ከአንድ ግፊት በኋላ በካሜራ ሁሉንም ፋይበሮች አንድ በአንድ ማየትና ካስፈለገ በእርጥብ ጨርቅ መርዳት የሥራው አካል ተደርጎ መታሰብ አለበት። የሲንግል ሞድ ኤምፒኦ ጫፍ ዘምሞ የሚቆረጠው ነጸብራቁ ወደ ኮሩ እንዳይመለስ ስለ ሆነ፣ ንጹሕ ከሆነ ከመጠላለፍ አንጻር ዲአር4 ከኤፍአር4 የተሻለ ጥበቃ አለው።

ገዢ ከዚህ ዕቃ የማይጠብቀውንም ባጭሩ ልግለጽ። በረጅም መስመር ላይ የቀለም መበተን (የተለያዩ የሞገድ ርዝመቶች በተለያየ ፍጥነት መጓዝ) ምቶችን እርስ በርስ ሲያደባልቅ፣ በአንድ ፋይበር ውስጥ ያሉ የሞገድ ርዝመቶች ከፍ ባለ ኃይል ሲገናኙ አዲስ ሞገድ ሲወልዱ፣ ወይም የማጣሪያ ጉድለት የአንዱን ቻናል ብርሃን ወደ ሌላው ሲያፈስ ማጽጃ ምንም አይረዳም። የመጀመሪያውን ኮሂረንት የሚባሉት፣ የብርሃኑን ኃይል ብቻ ሳይሆን ፌዙንም የሚያነቡ ሞጁሎች በውስጣቸው ባለው የዲጂታል ስሌት ያስተካክሉታል፤ ሌሎቹ የንድፍና የኃይል አመዳደብ ጉዳዮች ናቸው። በመረጃ ማዕከል ውስጥ ባሉት እስከ 2 ኪሎ ሜትር በሚደርሱ የፓም 4 መስመሮች ላይ ግን፣ በእኔ ልምድ፣ መስመሩ ሲታመም አስቀድሞ የሚጠረጠረው ኮኔክተር ነው።

ዋጋውን በተመለከተ፣ አንዱ ብዕር የጥቂት አስር ዶላሮች ዕቃ ነው፤ በዚህ ገንዘብ የሚጠበቀው የ400 ጊጋ ሞጁል ከመቶዎች እስከ ከሺህ በላይ ዶላር ያወጣል። ለኤልሲ፣ ለኤስሲና ለኤምፒኦ ሦስቱንም መጠኖች መያዝ ይገባል። በገበያ ላይ የአምራች ስም የሌላቸው መሰሎችም አሉ፤ ከእነርሱ በአንዱ ክሩ በግማሽ መንገድ ሲጣበቅና ጫፉ ላይ ብናኝ ሲተው አይቻለሁ፤ የዋጋው ልዩነት ትንሽ ስለ ሆነ ምንጩ የታወቀውን መግዛት ይሻላል። ግንባታ በማይቋረጥባቸው እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከተሞች፣ በተለይ በበጋ ወራት፣ የማሽን ክፍሉ በር በተከፈተ ቁጥር አቧራ ስለሚገባ ብዕሩ በመጋዘን ሳይሆን በመደርደሪያው አጠገብ ተዘግቶ መቀመጥ አለበት። ክዳኑ ሳይገጠም በኪስ የተያዘ ማጽጃ ራሱ የቆሻሻ ምንጭ ይሆናል።

መስመር በኮንትራት የሚያሠሩ ተቋማት ደግሞ ከርክክብ በፊት ከሥራ ተቋራጩ የብርሃን ብክነት ልኬት ብቻ መቀበላቸውን ቢተዉ መልካም ነው። የእያንዳንዱ ኮኔክተር ጫፍ ምስል፣ በኦቲዲአር (ብርሃን ወደ ፋይበሩ ልኮ የሚመለሰውን በሚለካ መሣሪያ) የተለካ የነጸብራቅ መጠንና መስመሩ ሥራ ከጀመረ በኋላ ከእርማት በፊት ያለው የስህተት መጠን በውሉ ውስጥ በግልጽ ይጻፉ፤ ማጽጃውና ካሜራውም በሥራ ተቋራጩ የዕቃ ዝርዝር ውስጥ መኖራቸው ከሥራው መጀመሪያ ቀን አስቀድሞ ይረጋገጥ።